ስም ከማውጣት በፊት፦ የዶሮቲ ሆጅኪን ሕይወትና የቀዩ መርፌ ነገር

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኬሚስትሪ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። እኔም ብዕር ከማንሳቴ በፊት ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ነገሩ የመጣብኝ ግን ከክፍል ሳይሆን ከቤት ነው፤ ከአያቴ።

የተወለድኩት ደረስጌ ነው። የአገሬ ልጆች ሁሉ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምንሰማው አንድ ታሪክ አለ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሊነግሡባት ያሠሯት ደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ካሳ ኃይሉ በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጫኑባት። ካሳ ሆነው ገብተው ቴዎድሮስ ሆነው ወጡ። በመሆኑም እኛ ዘንድ ስም እንዲሁ መጠሪያ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ስም ከወጣለት በኋላ ሰው የሚያየው በስሙ በኩል ነው።

አያቴ ሰባቱንም አጽዋማት አንዱን ሳታጎድል የምትጾም ሴት ናት። ይህም በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አለመቅመስ ማለት ነው። ያለፈው ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል እግሯን ይደነዝዛት፣ እጇን ይጠቀጥቃት ጀመር። ፊቷ ገረጣ፤ የለመደችው ዳገት ላይ ሁለቴ ሦስቴ ማረፍ አመጣች። ደባርቅ ወስደን ስናስመረምራት የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ነው ተባለ። ሲስተሯ እንዳስረዳችን ምግቡ አንድ ምክንያት ሲሆን፣ ሰው ሲያረጅ ደግሞ ጨጓራው ቫይታሚኑን ከምግብ የማላቀቅ አቅሙ ይደክማል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መርፌው ሲዘጋጅ ፈሳሹ ቀይ ሆኖ አገኘነው። አያቴ ምንነቱን ስትጠይቅ ሲስተሯ ጉበት ውስጥ ያለው ዓይነት ነው ብላ መለሰችላት። አያቴ እጇን ሰበሰበች! ቀሪዎቹ መርፌዎች የሚውሉት በጾሙ ውስጥ ነበር። የነፍስ አባቷ ለታመመ ሰው መድኃኒት እንደማይከለከል ቢነግሯትም ከምን እንደተሠራ ሳታውቅ ልቧ አልቀበል አላት። እኔንም የተማርሽ ነሽና አጣሪልኝ ብላ አዘዘችኝ። ኮሌጅ ስመለስ ላይብረሪ ገብቼ ስፈልግ አንዲት ሴት አገኘሁ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እሷ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥቁሯ ማዕድን

ዶሮቲ ሜሪ ክሮውፉት ሜይ 12 ቀን 1910 ካይሮ ተወለደች። አባቷ ጆን ክሮውፉት በግብጽ፣ ኋላም በሱዳን በትምህርት ሥራ ያገለገለ እንግሊዛዊ ሲሆን ለአርኪዮሎጂ ትልቅ ፍቅር ነበረው። እናቷ ግሬስ ደግሞ የሱዳን ሴቶችን የፈትልና የሽመና ሙያ አጥንታ የጻፈች ሴት ናት። ይህን ሳነብ እንዝርቷን ከእጇ የማትለየው አያቴ ትዝ አለችኝ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ ዶሮቲና ታናናሽ እህቶቿ እንግሊዝ አገር በሞግዚት እጅ ቀሩ። ወላጆቿ አፍሪካ ሲሠሩ እሷ አብዛኛውን የልጅነት ጊዜዋን ያለ እነሱ አሳለፈች። በ1923፣ በ13 ዓመቷ፣ ወላጆቿን ለመጠየቅ ካርቱም ሄደች። ካርቱም የእኛው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። እዚያም ወርቅ ከአሸዋ እንዴት ታጥቦ እንደሚለይ አይታ ግቢያቸው ውስጥ ባለው ቦይ ላይ ሞከረችው። ያገኘችው ወርቅ አልነበረም፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ማዕድን ነው።

ሌላ ልጅ ቢሆን በራሱ ስም አውጥቶለት ኪሱ ውስጥ ይከተው ነበር። እሷ ግን ዶክተር ጆሴፍ ወደሚባል የቤተሰቡ ወዳጅ ወደሆነ የአፈር ኬሚስት ሄዳ ላብራቶሪው ውስጥ መመርመር ጀመረች። በእሱ እርዳታ ማዕድኑ ኢልመናይት የሚባል የብረትና የቲታኒየም ውህድ መሆኑን ደረሰችበት። እኔን የገረመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ አወቀች፣ ስሙ ከዚያ በኋላ መጣ። ሕይወቷን በሙሉ የሠራችውም ሥራ ይኸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እንግሊዝ አገር በተማረችበት ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የወንዶች ትምህርት ነበር፤ እሷና አንዲት ጓደኛዋ ግን በልዩ ፈቃድ ገቡ። 16 ዓመት ሲሞላት እናቷ የዊሊያም ብራግን ለወጣቶች የተዘጋጀ የሳይንስ መጽሐፍ ሰጠቻት። መጽሐፉ በኤክስሬይ አቶሞችን ማየት እንደሚቻል ይገልጽ ነበርና ልጅቷ ልቧ እዚያው ቀረ። በ1928 ኦክስፎርድ ሶመርቪል ኮሌጅ ገባች።

ከነጠብጣብ ወደ አቶም

አቶም በዓይንም በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። ነገር ግን አንድ ክሪስታል ላይ ኤክስሬይ ሲለቀቅ ጨረሩ በአቶሞቹ መሀል ሲያልፍ ይበታተንና ፊልም ላይ ነጠብጣቦችን ይተዋል። ከነጠብጣቦቹ አቀማመጥና ድምቀት ተነስቶ፣ በሂሳብ ወደ ኋላ በመመለስ፣ እያንዳንዱ አቶም የት እንደቆመ ማወቅ ይቻላል። ሲነገር ቀላል ይመስላል እንጂ በዚያን ዘመን ሂሳቡ በእጅ የሚሠራ ስለነበር ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅ ነበር።

ዶሮቲ ይህን ሙያ ካምብሪጅ በጆን ደዝመንድ በርናል ዘንድ አጠናችው። በ1934 ሁለቱ ፔፕሲን የተባለውን የጨጓራ ኢንዛይም በኤክስሬይ አንስተው የፕሮቲን ክሪስታል ግልጽ ምስል እንደሚሰጥ አሳዩ። በዚያው ዓመት ገና በ24 ዓመቷ ሐኪሞች የመገጣጠሚያ በሽታ እንዳለባት ነገሯት። ጣቶቿ እያበጡና እየተጣመሙ ሄዱ። እንግዲህ በዓይን የማይለዩ ክሪስታሎችን አንስቶ ማስቀመጥ የዕለት ሥራዋ የሆነ ሴት ጣቶቿን ስታጣ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እሷ ግን አላቆመችም።

በ1937 የታሪክ ምሁሩን ቶማስ ሆጅኪንን አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የፔኒሲሊንን መዋቅር መመርመር ጀመረች፤ በ1945 ከባልደረቦቿ ጋር ፈታችው። በ1947ም የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆና ተመረጠች።

ቀዩ ክሪስታል

አሁን ወደ አያቴ መርፌ እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሐኪሞች ደም የሚያሳጣና በመጨረሻ የሚገድል አንድ በሽታ ያውቁ ነበር፤ መድኃኒት ግን አልነበረውም። በ1926 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ማይኖትና መርፊ፣ ለእነዚህ በሽተኞች በየቀኑ ብዙ ጉበት በማብላት አዳኗቸው። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ዱለት ብሉ ብለው አዘዙ ማለት ነው! ይሁንና ጉበቱ ውስጥ ያለው አዳኝ ነገር ምን እንደሆነ ለ22 ዓመታት ያወቀ ሰው አልነበረም።

በ1948 አሜሪካ ውስጥ መርክ፣ እንግሊዝ ውስጥ ግላክሶ የሚባሉት የመድኃኒት ኩባንያዎች ንጥረ ነገሩን ለየብቻቸው አጣርተው አወጡት። ቀይ ክሪስታል ሆነ። ቢ 12 አሉት። ልብ በሉ፣ ይህ ስም ሳይሆን ተራ ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት የግላክሶው ሌስተር ስሚዝ ከክሪስታሎቹ ለዶሮቲ ሰጣት። ውስጡ ኮባልት የሚባል ሜታል መኖሩም ታወቀ። ኮባልት ራሱ የስም ታሪክ አለው። የጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች ብር ያለበት የመሰላቸው ድንጋይ ሲቀልጥ ብር አልወጣው፣ ይልቁንም መርዛም ጭስ ሲያመጣባቸው ኮቦልድ በሚሉት የጉድጓድ ጋኔን ስም ጠሩት። የጋኔን ስም የወጣለት ነገር ለካ ሕይወት ውስጥ ነበር!

ሞለኪውሉ በሙሉ 181 አቶሞች አሉት። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን ያህል የተወሳሰበ ነገር በኤክስሬይ ተፈትቶ አያውቅም፤ ብዙዎች የማይሞከር ነው ብለው ነበር። ዶሮቲና ተማሪዎቿ ግን ስምንት ዓመት ያህል ሠሩበት። ሎስ አንጀለስ የነበረው ኬኔት ትሩብላድ ዩኒቨርሲቲው ባለው ኮምፒዩተር ስሌቱን ሊሠራላቸው ፈቀደ። ከኦክስፎርድ ቁጥሮች ይላካሉ፣ ከአሜሪካ ውጤቱ በፖስታ ይመጣል፤ እሷ ውጤቱን በካርታ መልክ አስነጥፋ አቶሞቹን ትፈልጋለች። በ1956 መዋቅሩ በሙሉ ታትሞ ወጣ። ኮባልቱ መሀል ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን አራት ናይትሮጅኖች እንደ ቀለበት ይዘውታል፤ ከታች አምስተኛ ናይትሮጅን ይደግፈዋል። ስድስተኛው፣ የላይኛው ቦታ ላይ ደግሞ ሳያናይድ ተቀምጧል። ስለዚህ ስሙ ሳያኖኮባላሚን ሆነ።

ሜታልና ካርቦን ሲያያዙ

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ሜታልና ካርቦን በቀጥታ የሚያያዙባቸውን ውህዶች ኬሚስቶች ኦርጋኖሜታሊክ ይሏቸዋል። ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ፍራንክላንድ ነው፤ በ1849 ከዚንክ ጋር የሠራው ውህድ አየር ሲነካው በራሱ ይነድ ነበር። በ1900 ፈረንሳዊው ቪክቶር ግሪኛር ማግኒዚየምን ከካርቦን ጋር አያይዞ ለኬሚስቶች ትልቅ መሣሪያ ሰጠ፤ ያም ቢሆን ውኃ ጠብ ካለበት ይበላሻል። እነዚህ ውህዶች ባብዛኛው ለራሳቸው ሳይሆን ወደ ሌላ ነገር ለመሸጋገሪያ የሚፈለጉ ናቸው፤ በቶሎ ይፈጠራሉ፣ በቶሎ ይፈርሳሉ። ስማቸውም በመዋቅራቸው ላይ የቆመ ነው። ሜታሉና ካርቦኑ በአንድ ትስስር ከተያያዙ አልኪል፣ በሁለት ከተያያዙ ካርቢን፣ በሦስት ከተያያዙ ካርባይን ይባላሉ። እንግዲህ የትስስሩን ቁጥር ሳያውቁ ስሙን ማውጣት አይቻልም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በደረቅ ብርጭቆ ውስጥ፣ ከአየርና ከውኃ ተጠብቆ የሚሠራ ሥራ ነው። ውኃ በሞላበት የሰው ገላ ውስጥ እንዲህ ያለ ትስስር ይኖራል ብሎ የጠበቀ ኬሚስት አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆራስ ባርከር የተባለ ሳይንቲስት ከባክቴሪያ ውስጥ ሌላ ዓይነት ቢ 12 አገኘ። ይህኛው ሥራ ላይ ያለው፣ ኢንዛይሞችን የሚያግዘው ነው። ብርሃን ሲነካው ይፈርሳል፤ ሳያናይድ ሲያገኘውም ይለወጣል። በ1961 ዶሮቲ ከጌለን ሌነርት ጋር የዚህን መዋቅር ፈትታ አሳተመች። ሳያናይዱ በነበረበት በላይኛው ቦታ ላይ ኮባልቱ በቀጥታ ከአንድ ካርቦን ጋር ተያይዞ ተገኘ። ሕይወት ያለው ነገር ውስጥ የታየ የመጀመሪያው ኦርጋኖሜታሊክ ውህድ ይህ ነው።

ሥራውም የሚሠራው በዚሁ ትስስር ነው። የኮባልትና የካርቦኑ ትስስር ደካማ ነው፤ ጥንካሬው ካርቦን ከካርቦን ጋር ካለው ትስስር ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። ኢንዛይሙ ሲይዘው ትስስሩ ይለቅና ካርቦኑ ብቻውን ለቅጽበት ይቀራል፤ ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን ነጥቆም ሌላ ሞለኪውል እንደገና እንዲደራጅ ያደርጋል። ሜቲል የተባለ ቡድን የያዘው ሌላኛው ዓይነት ደግሞ ሜቲሉን ተቀብሎ ለሌላ ያቀብላል። በሰው ገላ ውስጥ ቢ 12ን የሚፈልጉት ኢንዛይሞች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እነሱ ሲቆሙ ግን ደም ይጎድላል፣ ነርቭ ይጎዳል። የአያቴ እግር የደነዘዘው በዚህ ነው።

ታዲያ ሳያናይዱ ከየት መጣ? ከማጣራቱ ሥራ መሀል የገባ ነው እንጂ የተፈጥሮ ቦታው አልነበረም። ሰዎች ሲያጣሩ እውነተኛውን ካርቦን አባረው ሳያናይድ አስቀመጡበት፣ ከዚያም በሳያናይዱ ስም ጠሩት። ስሙ እስከዛሬ አለ። መርፌው ውስጥ ያለው የሳያናይድ መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ አይጎዳም፤ ገላችንም አውጥቶ ይጥለውና በቦታው ትክክለኛውን ካርቦን ይመልሳል። ስሙ ግን የሚናገረው ስለ ነገሩ ሳይሆን ስለ አያያዛችን ነው።

ርዕስ ያወጣላት ማን ነው?

በ1964 ዶሮቲ የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ብቻዋን አገኘች። ከማሪ ኩሪና ከልጇ ከአይሪን ቀጥሎ በኬሚስትሪ ሦስተኛዋ ሴት መሆኗ ነው። ወሬውን የሰማችው ጋና ነው፤ ባለቤቷ ቶማስ እዚያ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ተቋም ኃላፊ ነበርና።

እዚህ ላይ እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ አፈርኩ። በማግሥቱ አንዳንድ የእንግሊዝ ጋዜጦች ርዕስ ሲያወጡ የቤት እመቤት፣ የሦስት ልጆች እናት ብለው ጻፉ። ውሸት አልነበረም፤ የሦስት ልጆች እናት ናት። ግን 181 አቶሞችን አንድ በአንድ ያስቀመጠችው ሴት ከርዕሱ ውስጥ የለችም። ከመሀሉ ዋናውን አውጥተው በእጃቸው የነበረውን አስገቡና በእሱ ስም ጠሯት። ከሳያናይዱ በምን ይለያል? የራሷ ስም እንኳን ታሪክ አለው። እስከ 1949 ሥራዋን ያሳተመችው በአባቷ ስም ክሮውፉት ተብላ ነበር፤ ስለ ፔኒሲሊን በተዘጋጀ መጽሐፍ ላይ ግን በባሏ ስም እንድትጽፍ ተገፋፍታ ከዚያ ወዲህ ሆጅኪን ሆና ቀረች።

ከሽልማቱ በኋላም አላረፈችም። በ1935 በመጀመሪያ ፎቶ ያነሳችውን ኢንሱሊን ከባልደረቦቿ ጋር በ1969 ፈታችው፤ 34 ዓመት መሆኑ ነው! ከ1976 እስከ 1988 ሳይንቲስቶች የኒውክሊየር ጦርነትን ለመከላከል ያቋቋሙትን የፐግዎሽ ንቅናቄ በፕሬዚዳንትነት መርታለች። በ1993 ቤይጂንግ ላይ የክሪስታል ሳይንቲስቶች ጉባኤ ሲደረግ በተሽከርካሪ ወንበር ሆና ተገኘች። ጁላይ 29 ቀን 1994 በ84 ዓመቷ አረፈች።

ለአያቴ ምን አልኳት?

ለፋሲካ ሳይሆን በጾሙ እኩሌታ አገሬ ገባሁ፤ መርፌው ሊቆይ አይችልምና። ለአያቴ ያገኘሁትን ነገርኳት። ቢ 12ን በግ አይሠራውም፣ ላምም አትሠራውም፣ ገብስና ባቄላም አይሠሩትም። የሚሠሩት ባክቴሪያና መሰሎቻቸው የሆኑ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ብቻ ናቸው። በጋችን ሣር ስትበላ ከአፈሩ የመጣውን ጥቂት ኮባልት አብራ ትውጣለች፤ ሆዷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከእሱ ቢ 12 ይሠሩላታል፤ የቀረው ጉበቷ ውስጥ ይጠራቀማል። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ለምለም ሣር እየበሉ ከስተው የሚሞቱ በጎች ነበሩ፤ ምክንያቱ የአፈሩ ኮባልት ማነስ መሆኑ በ1930ዎቹ ታወቀ። ፋብሪካዎችም ዛሬ ቫይታሚኑን የሚያወጡት ባክቴሪያ በትላልቅ ጋኖች እያራቡ ነው፤ እኛ እርሾ ጥለን ሊጥና ጠላ እንደምናቦካው መሆኑ ነው።

ጠላውን ስጠራ ገባት። ሲስተሯ አልዋሸችም ነበር፤ ጉበት ውስጥ አለ። ነገር ግን ያደረበትን ቤት ስም ነው የሰጠችው እንጂ የራሱን አይደለም። አያቴ ካሰበችበት በኋላ ደባርቅ ወርዳ መርፌዋን ጨረሰች። ትንፋሿ ተመለሰ። የእግሯ መደንዘዝ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፤ ነርቭ ሲቆይ እንዲህ ነው አሉን። ቀደም ብለን ማወቅ ነበረብን።

ያቺ ሴት ማን ትባላለች ብላም ጠየቀችኝ። ዶሮቲ አልኳት። በግሪክ ቋንቋ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። ቴዎድሮስ የሚለው ስምም ከእነዚያው ሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ ልዩነቱ የሁለቱ ቃላት ቅደም ተከተል ብቻ ነው። አያቴ ይህን ስትሰማ ወደ ማርያም ዞራ አማተበች፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

የክፍል ጓደኞቼ፣ እኛም ነገ በየጋዜጣውና በየሬዲዮው ርዕስ አውጪዎች ልንሆን ነው። ካርቱም ላይ ጥቁሯን ማዕድን ይዛ ስሟን ከመናገሯ በፊት ላብራቶሪ የገባችውን የ13 ዓመት ልጅ አንርሳ። ውስጡን ሳናይ ያወጣነው ስም ከእኛ በኋላም ይኖራል፤ ማረሙ ደግሞ ከማውጣቱ እጅግ ይከብዳል።

ቸር እንሰንብት።